ሥዕል ተምሬ ሲኒማቶግራፈር መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 27 ነው። የተመረቅኩት በሥዕል ነው። ሦስት ዓመት የመጻሕፍት ሽፋንና ፖስተር ስሠራ ቆየሁ። አሁን ግን ልቤ ፊልም ውስጥ ገብቷል፤ ሲኒማቶግራፈር መሆን እፈልጋለሁ። አንዱ ‹ሥዕል መማርሽ ትልቅ ስንቅ ነው› ይለኛል። ሌላው ‹ይሄ የቴክኒክ ሥራ ነው፣ ሥዕሉን እርሺው› ይላል። የትኛውን ልመን? ታዋቂዎቹስ ከየት ተነስተው ነው እዚያ የደረሱት? ካሜራ ልግዛ፣ ትምህርት ቤት ልግባ ወይስ ረዳት ሆኜ ልጀምር? ዕድሜዬስ አልፏል እንዴ?»

መልስ፦

ካሜራ አትግዢ። እሱን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። የቀረው በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም።

ሁለቱም መካሪዎችሽ ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሥዕሉ ይጠቅምሻል፤ ግን እነሱ ባሰቡት መንገድ አይደለም። ሥዕል የተማረ ሰው ሲባል ሰዉ የሚገምተው «ያማረ ፍሬም ይሠራል» ብሎ ነው። ያማረ ፍሬም ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ይሠራል። ያንቺ ጥቅም ሌላ ነው። አንድን ፊት ለሰዓታት ቁጭ ብለሽ አይተሻል። ጥላው ከጉንጭ ወደ አንገት ሲወርድ የት ላይ እንደሚለሰልስ፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ እጅሽ ያውቀዋል። ብዙ የካሜራ ልጆች ይህን ለማየት ዓመታት ይፈጅባቸዋል። አንዳንዶቹ ጨርሶ ሳያዩት ጡረታ ይወጣሉ።

የሚጎድልሽ ደግሞ ይህ ነው። ሠዓሊ «ብርሃኑ ምን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሲኒማቶግራፈር ከዚያ አልፎ «ለምን እንዲህ ሆነ? ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ዞራ፣ ሁሉም ሰው ደክሞት እያለ ይህንኑ ብርሃን መልሼ መሥራት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሙያው ያለው እዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሥራውን በአጭሩ ልንገርሽ። ሲኒማቶግራፈር፣ ቀረጻ ቦታ ላይ «ዲኦፒ» የምንለው ሰው፣ ካሜራ ተሸካሚ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ካሜራውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። የእሱ ሥራ ዳይሬክተሩ በቃል ያለውን ወደ ብርሃን፣ ወደ ሌንስና ወደ ካሜራ እንቅስቃሴ መለወጥ ነው። በሥሩ የካሜራ ቡድን አለ፤ ኦፕሬተሩ፣ ፎከስ የሚጠብቀው፣ ክላፐር የሚመታው። የመብራት ቡድኑን ጋፈሩ ይመራዋል። ትራይፖዱን፣ ሐዲዱን፣ ክሬኑን የሚይዙት ደግሞ ግሪፖቹ ናቸው። ስለዚህ ግማሹ ሥራ ሰው ማስተዳደር ነው። ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግርሽም።

አሁን «ከየት ተነሱ?» ወዳልሽው። ከሁሉም ቦታ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰጃቸው።)

ላንቺ የሚቀርበው ሮጀር ዲኪንስ ይመስለኛል። በ1949 እንግሊዝ ውስጥ ዴቨን በሚባል አካባቢ ተወለደ። ባዝ በሚገኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግራፊክ ዲዛይን ተማረ፤ እዚያ እያለ ፎቶግራፍ ወደደ። ብሔራዊው የፊልም ትምህርት ቤት ሲከፈት አመለከተ። አልተቀበሉትም። ፎቶዎችህ የፊልም ለዛ የላቸውም አሉት። እሱም ሰሜን ዴቨን ሄዶ የገጠሩን ሰው ኑሮ ፎቶ ሲያነሳ ከረመና በሚቀጥለው ዙር ገባ። ተመርቆ ሲወጣም የጠበቀው ትልቅ ስቱዲዮ አይደለም፤ ዘጋቢ ፊልም ነው። በመርከብ ዓለምን የሚዞሩ ተወዳዳሪዎችን ለመቅረጽ ወራት ባሕር ላይ ኖረ። የኤርትራን ጦርነት ሊቀርጽም ሄዷል። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ኮኤን ወንድማማቾች ከሚባሉት የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ጋር በሠራቸው ፊልሞች ነው። ለኦስካር 13 ጊዜ ታጭቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። በ2018 ሲያሸንፍ 68 ዓመቱ ነበር። ዕድሜዬ አልፏል ወይ ላልሽው መልሱ እዚህ አለልሽ።

ፍሬሞቹን ልብ ብለሽ እያቸው። ግራፊክ ዲዛይን የተማረ ሰው እጅ ይታይባቸዋል፤ ትርፍ ነገር የለባቸውም። ግን ዝም ብለው የተሳሉ አይደሉም፤ ሰው ሲንቀሳቀስባቸው አይፈርሱም። ያ ሁለተኛው ነገር ከዲዛይን ክፍል የመጣ አይመስለኝም። መርከብ ላይ ሲናወጥ፣ ነገ የማይደገምን ነገር ዛሬ ለመያዝ ሲሯሯጥ የተማረው ነው።

ቪቶሪዮ ስቶራሮ ሌላ ዓይነት ነው። ሮም ውስጥ በ1940 ተወለደ። አባቱ የፊልም ማሳያ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ልጁን በ11 ዓመቱ ፎቶግራፍ ትምህርት አስገባው። ስቶራሮ ቴክኒኩን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ነው አንድ ቀን ሮም ካለ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የካራቫጆን የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕል ያየው። ብርሃኑ ከአንድ ጎን እንደ ስለት ገብቶ ጨለማውን ለሁለት ይከፍለዋል። ስቶራሮ ስለዚያ ቀን ደጋግሞ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ሦስት ኦስካር ወሰደ። እሱ ቴክኒክ ይዞ ሥዕል ፍለጋ ወጣ፤ አንቺ ደግሞ ሥዕል ይዘሽ ቴክኒክ ፍለጋ ልትወጪ ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ጫፉ ብቻ ነው የተገላበጠው።

ክሪስቶፈር ዶይልን ካነሳሁ ይበቃኛል፤ አለበለዚያ ዝርዝር ሊሆንብን ነው። አውስትራሊያዊ ነው። በወጣትነቱ የንግድ መርከብ ላይ ባሕረኛ ሆኖ ሠራ፣ አገር ለአገር ዞረ፣ ቻይንኛ ተማረ። የመጀመሪያውን ፊልም ታይዋን ውስጥ በ1983 ሲቀርጽ ሠላሳ አልፎት ነበር። የሆንግ ኮንግ ሲኒማ ያንን የሚያቃጥል ቀለምና የሚቅበዘበዝ ካሜራ ያገኘው በአብዛኛው ከእሱ ነው። ሠዓሊም አልነበረም፣ ኢንጂነርም አልነበረም።

የምወደው ታሪክ ግን የጄምስ ዎንግ ሃው ነው። ቻይና ውስጥ በ1899 ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ። ቦክሰኛ ነበር። በ1917 አንድ የሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ የካሜራ ክፍሉን እየጠረገ ሥራ ጀመረ። ትርፍ ሳንቲም ለማግኘት ተዋንያንን ፎቶ ያነሳ ነበር። አንድ ቀን ሜሪ ማይልስ ሚንተር የምትባል የታወቀች ተዋናይት አነሳ። ዓይኖቿ ፈዛዛ ሰማያዊ ናቸው። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሰማያዊ ከመጠን በላይ ስስ ስለነበር እንዲህ ያለ ዓይን ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የዓይነ ስውር ዓይን ይመስላል። እሱ ባነሳው ፎቶ ላይ ግን ዓይኗ ጠቆር ብሎ ወጣ። ደነገጠች፤ ፊልም ላይም ይህንን ትሠራልኛለህ ወይ አለችው። እሺ አለ። እንዴት እንደሆነ ግን ራሱም አያውቅም!

ወደ ኋላ ተመልሶ መረመረው። ፎቶ ስትነሳ ታየው የነበረው ጥቁር ነገር ነበር ለካ። የዓይን ብሌን እንደ መስታወት ነው፤ ጥቁሩ አርፎበት አጠቆረው። ከዚያ ካሜራውን በጥቁር ከፋይ ከቦ፣ ለሌንሱ ቀዳዳ ትቶ ቀረጻት። ሰማያዊ ዓይን የሚያጠቁር ካሜራማን አለ ተብሎ ወሬው ተነዛ። ጠራጊው ልጅ በዚያው ስም አወጣ፤ በኋላም ሁለት ኦስካር አገኘ። ማየቱ ብቻውን ምንም ባልፈየደለት ነበር። «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ነው እንጀራ የሆነው።

ሱብራታ ሚትራም እንዲሁ ነው። ካልካታ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት ነበር። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ዣን ረንዋር ህንድ መጥቶ ሲቀርጽ ዳር ቆሞ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ሚትራ 21 ዓመት ሲሆነው ዳይሬክተሩ ሳትያጂት ራይ የመጀመሪያ ፊልሙን እንዲቀርጽለት ጠየቀው፤ እሱ ግን የፊልም ካሜራ ነክቶ አያውቅም ነበር። ትልቁን ነገር የሠራው ግን በ1956 በወጣው ሁለተኛ ፊልማቸው ላይ ነው። በህንዷ ከተማ ቤናረስ እንዳሉት ዓይነት፣ መሃሉ ግቢ የሆነ ቤት ስቱዲዮ ውስጥ ተሠራ። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ፀሐይ በቀጥታ አትገባም፤ ብርሃኑ ከሰማይ ተንጸባርቆ ነው የሚወርደው፤ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። የዚያ ዘመን የስቱዲዮ መብራት ደግሞ በቀጥታ ፊት ላይ የሚተኮስ ነበር። ሚትራ ከግቢው በላይ ነጭ ጨርቅ ወጠረና መብራቱን ወደ ጨርቁ መታው። ተመልሶ የወረደው ብርሃን ከእውነተኛው ጋር አይለይም። ዛሬ ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገው ነገር ነው፤ ያኔ ግን እብደት ነበር።

ስዊድናዊው ሲኒማቶግራፈር ስቬን ኒክቪስትና ዳይሬክተሩ ኢንግማር በርግማን በ1963 የወጣውን የቤተ ክርስቲያን ፊልማቸውን ከመቅረጻቸው በፊት በክረምት ቤተ ክርስቲያን ገብተው ቁጭ አሉ። ምንም አልቀረጹም። ብርሃኑ ከረፋድ እስከ ከሰዓት እንዴት እንደሚለወጥ ብቻ አዩ፣ ጻፉ። አየሽ፣ አንቺ ሞዴል ፊት ተቀምጠሽ ያደረግሽውን ነው ያደረጉት። ልዩነቱ እነሱ ሰዓት እየመዘገቡ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከፎቶግራፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ችዬ በቀረጽኩት አጭር ፊልም ላይ ሁለት ሰዎች መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ከብበው ያወራሉ። ጠዋት ሴትየዋን ቀረጽኳት። ብርሃኑን ከጎኗ አመጣሁት፤ ፊቷ ግማሹ በራ፣ ግማሹ ጨለመ። ሥዕል ነው! ከምሳ በኋላ ካሜራውን አዞርንና ሰውዬውን ቀረጽኩት። እሱንም የሚያምርበትን ቦታ ፈልጌ አበራሁለት። እሱም ሥዕል ሆነ። ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገቡ ዳይሬክተሩ ዝም ብሎ አየና «እዚህ ቤት ስንት ፀሐይ ነው ያለው?» አለኝ። መስኮቱ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ያምራል፤ ትዕይንቱ ግን ሞቷል።

የአንቺም አደጋ ይኸው ነው። ሥዕል ብቻውን ይቆማል። የፊልም ፍሬም ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ነው የሚቆመው። አንዳንዴ መሃል ያለው ፍሬም አስቀያሚ መሆን አለበት፤ ቀጣዩ እንዲመታ። ሠዓሊ ይህን መቀበል ይተናነቀዋል። የሚያበላሸው ውበት ሲሆን ደግሞ ማንም አያስቆመውም፤ ሁሉም ሞኒተሩ ላይ አይቶ «ዋው!» ይላልና።

«ሥዕሉን እርሺው» ያለሽ ሰው የፈራው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ሠዓሊዎች ቁጥር አይወዱም ብሎ ነው። ግን ቁጥሩ ያን ያህል ብዙ አይደለም። የመብራቱን ርቀት እጥፍ ብታደርጊው ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በእኛ አነጋገር ሁለት ስቶፕ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ወይም እጥፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ መብራቱ አፍንጫው ሥር ካለ ተዋናዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ይጨልማል። ከሩቅ ከመጣ ግን ወዲያ ወዲህ ቢል ለውጡ አይታወቅም። ትልቅ መብራት ከመስኮት ውጭ አርቀን የምናቆመው ለዚህ ነው። የጥላ ልስላሴም እንዲሁ ነው። የብርሃኑ ምንጭ ከሰውዬው ሲታይ በሰፋ ቁጥር ጥላው ይለሰልሳል። ፀሐይ ግዙፍ ናት፤ ግን ከዚህ ስናያት ሳንቲም ታክላለች፤ ጥላዋ ይቆርጣል። ደመና ሲሸፍናት ሰማዩ በሙሉ መብራት ይሆንና ጥላው ይጠፋል። አንቺ «ሞቃት ቀለም፣ ቀዝቃዛ ቀለም» የምትዪው ደግሞ እኛ ጋ 3200 እና 5600 ኬልቪን ነው፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያችን ነው። የድሮው የስቱዲዮ አምፖል የመጀመሪያው ነው፤ የቀን ብርሃን ሁለተኛው ነው። ካሜራው በሰከንድ 24 ፍሬም ያነሳል፤ ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባው ለሰከንድ 1/48ኛ ነው። የሁለት ወር ጨዋታ ነው፤ አትፍሪው።

ቴክኒክና ጥበብ የሚባል ሁለት ክፍል አለ ብለሽም አታስቢ። ሲኒማቶግራፈሩ ጎርደን ዊሊስ በ1972 በወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ላይ የማፊያውን አለቃ ከላይ ወደ ታች ሲያበራው ዓይኖቹ ጨለማ ውስጥ ገቡ። ሰዉ እስከ ዛሬ ስለ ሰውዬው ምሥጢራዊነት ይተነትናል። ትንታኔው ትክክል ነው። ግን ከላይ ማብራት የተፈለገበት አንዱ ምክንያት የተዋናዩ ሜክአፕ ነበር፤ የሚያስረጅ ሜክአፕ የሚያምረው እንደዚያ ሲበራ ነው።

ኔስቶር አልሜንድሮስ ደግሞ የባሰው ነው። ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ነው፤ ስፔን ተወልዶ በ18 ዓመቱ ኩባ የሄደ፣ ፓሪስ ስም ያወጣ። ኦስካር ያስገኘለትን በ1978 የወጣ ፊልም ሲቀርጽ ዓይኑ እየደከመ ነበር። ረዳቱ ትዕይንቱን በፖላሮይድ እያነሳ ይሰጠዋል፤ እሱ በወፍራም መነጽር ፎቶውን አይቶ መብራቱን ያስተካክላል። ብዙውን የቀረጹት ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ብሩህ በሆነባት አጭር ጊዜ ነው። ዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ባልቻለ። ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር።

ስለ ቆዳ ቀለምም አንድ ነገር ልበል፤ የሥዕል ትምህርትሽ እዚህ በጣም ይጠቅምሻልና። ለረጅም ዘመን የቀለም ፎቶ ማተሚያ የሚስተካከለው የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት መለኪያ ካርድ ነበር። ጥቁር ፊት በዚያ መለኪያ ሲታተም ወይ አመድ ይመስላል ወይ ይጠፋል። ይህን የቀየሩት ሰዎች ብዙዎቹ አሜሪካ ባለው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያለፉ ናቸው፤ የኛው ኃይሌ ገሪማ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምር የኖረበት ቤት ነው። ሲኒማቶግራፈሩ አርተር ጃፋ ከዚያ ወጣ፤ መጀመሪያ አርክቴክቸር ነበር የሚማረው። ብራድፎርድ ያንግም ከዚያ ወጣ፤ በ2017 በሲኒማቶግራፊ ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ ሆነ። ያንግ ጥቁር ፊትን በብርሃን ብዛት አያጥለቀልቀውም። ትልቅና ለስላሳ ምንጭ ከጎን ያመጣና ቆዳው ላይ እንዲንጸባረቅ ይተወዋል። በዘይት ቀለም ጥቁር ቆዳ ስለሽ የምታውቂ ከሆነ ይገባሻል፤ ቅርጹን የሚያወጣው የቀለሙ ንጣት ሳይሆን ነጸብራቁ ነው።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ትምህርት ቤት ልግባ ወይ? አቅሙና ዕድሉ ካለሽ ግቢ፤ ግን ለዲፕሎማው ብለሽ አይደለም። ማንም ዲኦፒ ዲፕሎማውን አሳይ ተብሎ አያውቅም። ትምህርት ቤት የሚሰጥሽ ሁለት ነገር ነው፦ ተሳስተሽ የማትባረሪበት ቦታ፣ እና አብሮሽ የሚያድግ ዳይሬክተር። ሁለተኛው ይበልጣል። ሚትራን ራይ ነው ያወጣው፣ ኒክቪስትን በርግማን። ዳይሬክተር የሌለው ሲኒማቶግራፈር ቤት ውስጥ የተቀመጠ መብራት ነው።

ረዳት ሆኖ መጀመር ጥሩ ነው፤ ግን የት? ብዙዎች ወደ ካሜራው ይሮጣሉ። የካሜራ ረዳትነት ሥርዓት ያስተምራል፤ ሌንስ ታውቂያለሽ፣ ጥንቃቄ ትለምጃለሽ። ችግሩ ፎከስ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ርቀት ላይ ነው፤ ብርሃኑን የሚያይበት ጊዜ የለውም። አንቺን የምመክርሽ መብራት ክፍል እንድትገቢ ነው። ገመድ ትጎትቻለሽ፣ ስታንድ ትሸከሚያለሽ፣ እጅሽ ይቃጠላል። ግን ዲኦፒው ለጋፈሩ «ትንሽ አጥፋልኝ፣ እዚያ ጋ ጥቁር ጨርቅ አስገባ» ሲለው ቆመሽ ትሰሚያለሽ፤ ከመደረጉ በፊትና በኋላ የተለወጠውን በዓይንሽ ታያለሽ። በቀን ሃምሳ ጊዜ። ይህን የሚሰጥ ትምህርት ቤት አላውቅም። አንዳንዱ ካሜራማን በዚህ ምክሬ አይስማማም፤ እሱም የራሱን መንገድ ነው የሚያመሰግነው።

ሴት በመሆንሽ «መብራት ከባድ ነው» የሚልሽ ይኖራል። ስታንዱ ከባድ ነው፤ እውነት ነው። ለወንዱም ከባድ ነው። ኦስካር በ1929 መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በዚህ ሙያ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የታጨችው በ2018 ነው፤ ሬቸል ሞሪሰን። ያን ያህል የዘገየው በስታንዱ ክብደት አይደለም።

እስከዚያው ቤትሽ ሆነሽ የምትሠሪው አለ። አንድ መብራት፣ አንድ ነጭ አንሶላ፣ አንድ ትዕግሥተኛ ጓደኛ፣ ያለሽ ስልክ። ጓደኛሽን መስኮት አጠገብ አስቀምጪና በቀን ብርሃን ቅረጪ። ሲመሽ መስኮቱን ሸፍኚና ያንኑ ብርሃን በመብራቱና በአንሶላው መልሰሽ ሥሪ። ጎን ለጎን አስተያዪ። መጀመሪያ አይመሳሰልም። ለምን እንዳልተመሳሰለ ጻፊ፤ ርቀቱ ነው? ስፋቱ ነው? ከግድግዳው የተመለሰው ብርሃን ነው? ስዕሉን በእርሳስ ንደፊው፤ ያ እኮ ከሌላው ሰው የምትበልጪበት ነው። ሠላሳ ጊዜ ከደጋገምሽው በኋላ ካሜራ ተከራዪ። ካሜራ በየጊዜው ይቀየራል፣ ዋጋው ይወድቃል፤ ይህ ልምምድ ግን አይቀየርም።

ሥራሽን ለሰው የምታሳዪበት ቪዲዮ ስታዘጋጂ ደግሞ ሙዚቃ የተጫነበት የቆንጆ ቁርጥራጭ ክምር አታምጪ። እንዲህ ያለውን አይተን ጠግበናል። አንድ ሙሉ ትዕይንት አምጪ። ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ካሜራው ዞሮ ሁለቱንም የቀረጸበት። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው መስኮቱ የት እንዳለ ነው።